የ99 ዶላሩ ማጫወቻ፦ የኤችዲ ዲቪዲና የብሉ ሬይ ዲስኮች አመራረትና ዋጋ

በኖቬምበር 2007 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዎልማርት የተባለው ትልቁ የአሜሪካ መደብር ቶሺባ የሠራውን የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ በ98 ዶላር ከ87 ሳንቲም ለሽያጭ አቀረበ። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት የዚሁ ዓይነት የመጀመሪያው ማጫወቻ አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ 499 ዶላር ነበር የተጠየቀበት። የተፎካካሪው የብሉ ሬይ የመጀመሪያ ማጫወቻ ደግሞ 999 ዶላር ነበር። እንግዲህ ያን ሰሞን ዜናውን ያነበበ ሰው «በቃ፣ ርካሹ ሊያሸንፍ ነው» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። አራት ወር ሳይሞላ ግን፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2008፣ ቶሺባ ራሱ ከኤችዲ ዲቪዲ ሥራ መውጣቱን አስታወቀ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኢኮኖሚ ዘገባ ስንማር ስለ ዋጋ አጭር ዜና ጽፋችሁ ኑ ተባልን። አብዛኞቻችን፣ እኔንም ጨምሮ፣ ይዘን የመጣነው «ዋጋው ይህን ያህል ጨመረ፣ ያ ደግሞ ይህን ያህል ቀነሰ» የሚል ነበር። መምህራችን የሁላችንንም ወረቀት በአንድ ጥያቄ መለሱልን፦ «ልዩነቱን ማን ከፈለው?» እኔ በበኩሌ ጥያቄው ስላልለቀቀኝ አንድ አልቆ የደቀቀ የዋጋ ጦርነት ፈልጌ ልሞክረው አሰብኩ። ያለቀ ጦርነት ጥቅሙ ሒሳቡ የተዘጋ መሆኑ ነው፤ ማን ስንት እንደከሰረ ይታወቃል።

ብዙዎቻችን ያደግነው በቪሲዲና በዲቪዲ ነው። የአማርኛ ፊልም በቪሲዲ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ልጆች ነበርን። ብሉ ሬይ ግን ወደ እኛ ገበያ እምብዛም ሳይገባ ነው ነገሩ ሁሉ ወደ ፍላሽና ወደ ዩቲዩብ የዞረው። ስለዚህ ከዲስኩ አሠራር መጀመሩ ይሻላል፤ ዋጋውን የወለደው አሠራሩ ነውና።

የትልሙ ጥበት

ዲስክን እንደ ታረሰ ማሳ አስቡት። ከመሀል ተነስቶ እየዞረ ወደ ዳር የሚሄድ አንድ ረጅም ትልም አለው። በትልሙ ላይ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ተደርድረዋል። የሌዘር ብርሃን በላያቸው ሲያልፍ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይለዋወጣል፤ ማሽኑም ያንን ለውጥ ወደ ዜሮና አንድ፣ ከዚያም ወደ ምስልና ድምፅ ይቀይረዋል። በሲዲ ላይ በአንዱ ትልምና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በዲቪዲ ይህ ርቀት 0.74 ሆነ። በኤችዲ ዲቪዲ 0.40፣ በብሉ ሬይ 0.32 ደረሰ። በአንድ ጸጉር ውፍረት ላይ ከ150 በላይ የብሉ ሬይ ትልሞች ጎን ለጎን ይተኛሉ ማለት ነው።

ይህን ያህል ማጥበብ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ምስሉ ስለሰፋ ነው። በአሜሪካ የተለመደው የዲቪዲ ምስል 720 በ480 ነጥቦች አሉት፤ ሙሉው ኤችዲ ደግሞ 1920 በ1080። ሁለቱንም አባዙና አካፍሉ፤ ልክ ስድስት እጥፍ ይመጣል። ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለት ንጣፉ 8.5 ጊጋባይት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ምስል ይህ አይበቃም።

ጠባብ ትልም ደግሞ ቀጭን ብርሃን ይፈልጋል። ዲቪዲ የሚነበበው የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖ ሜትር በሆነ ቀይ ሌዘር ነው። አዲሶቹ ሁለቱም ዲስኮች የተጠቀሙት 405 ናኖ ሜትር የሆነ፣ ሰማያዊ ቢባልም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሌዘር ነው። ለዚህ ሌዘር መንገዱን የከፈተው ጃፓናዊው ሹጂ ናካሙራ በ1990ዎቹ ኒቺያ በተባለ ኩባንያ ውስጥ የሠራው ሥራ ነው። (ናካሙራ በሰማያዊው ኤልኢዲ ሥራ ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል።) ሌዘሩ ለረጅም ጊዜ ውድና በቀላሉ የማይገኝ ዕቃ ነበር። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ወገኖች አንድ ናቸው። የተለያዩት በግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ሌንስ ብርሃንን አሹሎ የመሰብሰብ አቅሙ በቁጥር ሲገለጽ በዲቪዲ 0.6፣ በኤችዲ ዲቪዲ 0.65፣ በብሉ ሬይ 0.85 ነው። ቁጥሩ ሲያድግ የብርሃኑ ጫፍ ይሾላል፣ ትልሙም ሊጠብ ይችላል። መዘዙ ግን ዲስኩ በትንሹ እንኳ ሲያዘነብል ንባቡ መበላሸቱ ነው፤ ብርሃኑ የሚያቋርጠው ፕላስቲክ በወፈረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የብሉ ሬይ መሐንዲሶች መረጃውን ወደ ዲስኩ ፊት አቀረቡት። ከላዩ ያለው ሽፋን 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። የኤችዲ ዲቪዲ ሰዎች ግን የዲቪዲን 0.6 ሚሊ ሜትር እንዳለ ተዉት። በዚህ የተነሳ ብሉ ሬይ በአንድ ንጣፍ 25፣ በሁለት ንጣፍ 50 ጊጋባይት ሲይዝ፣ ኤችዲ ዲቪዲ 15 እና 30 ያዘ።

በ2005 ሁለቱ ወገኖች፣ ማለትም ሶኒና ቶሺባ፣ አንድ ዲስክ ለማውጣት ሲደራደሩ የተጣሉት በዚህችው ሽፋን ውፍረት ነው። አንድ ሰው ሊስቅ ይችላል። ለሽፋን ውፍረት ተብሎ ኢንዱስትሪ ሙሉ ይከፈላል? ፋብሪካው ውስጥ ስንገባ ግን ነገሩ አያስቅም።

ፋብሪካው ውስጥ

ማንኛውም የፊልም ዲስክ አይቀዳም፣ ይታተማል። እኛ ሰፈር በኮምፒውተር «በርን» እየተደረገ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አንድ በአንድ በሌዘር የሚጻፍ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው እንደ ማኅተም ነው። መጀመሪያ ፊልሙ በሌዘር በአንድ እናት ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል። በዚያ ሰሌዳ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ኒኬል ይለበጥና የጉድጓዶቹን ግልባጭ የያዘ ቀጭን የብረት ማተሚያ ይወጣል። ማተሚያው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገባል፤ የቀለጠ ፖሊካርቦኔት የተባለ ፕላስቲክ በከባድ ግፊት ይረጭበታል፤ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ትልሙ ያረፈበት ዲስክ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ብርሃን እንዲመልስ ስስ ብረት ይለብሳል።

የዲቪዲ ልዩ ጠባይ እዚህ ላይ ነው። ዲቪዲ አንድ ዲስክ መስሎ ቢታይም እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ስስ ዲስኮች ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ነው 1.2 ሚሊ ሜትር የሚሆነው። ኤችዲ ዲቪዲም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ አንድ የዲስክ ፋብሪካ ነባሩን የዲቪዲ መስመር አሻሽሎ፣ የእናት ሰሌዳ መቅረጫውን ለውጦ፣ ጥራቱን አጥብቆ ኤችዲ ዲቪዲ ማተም ይችላል። ጠዋት ዲቪዲ፣ ከሰዓት ኤችዲ ዲቪዲ እንደ ማለት ነው። የቶሺባ ወገን ትልቁ መከራከሪያ ይህ ነበር፤ እውነትም ነበረው።

ብሉ ሬይ ይህን ዕድል አላገኘም። መሠረቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ ላዩ ደግሞ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽፋን ነው። ይህን ስስ ሽፋን በሁሉም ቦታ እኩል ውፍረት እንዲኖረው አድርጎ ማልበስ፣ ወይ እንደ ላስቲክ ወረቀት መለጠፍ ወይ ፈሳሽ ሙጫ አፍስሶና አሽከርክሮ በብርሃን ማድረቅ፣ በነባሩ መስመር የሚሠራ አልነበረም። ባለ ሁለት ንጣፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ በሁለቱ ንጣፎች መካከል 25 ማይክሮን የሆነ ልባጭ ገብቶ፣ ሁለተኛው ትልም በዚያ ልባጭ ላይ መታተም አለበት። አዲስ ማሽን መግዛት ግድ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ከሚታተመው ውስጥ ብዙው ጤነኛ ሆኖ አለመውጣቱም ሌላ ወጪ ነበር፤ የተጣለ ዲስክ ዋጋው በተረፈው ላይ ይደመራል።

መረጃው ለላይኛው ገጽ እንዲህ ስለቀረበ ጭረት ያሰጋው ነበር። በ2003 ሶኒ ለጃፓን ገበያ ባወጣው የመጀመሪያው የብሉ ሬይ መቅጃ (ዋጋው 450,000 የን ገደማ፣ ያኔ ወደ 3,800 ዶላር) ዲስኩ ራቁቱን አልነበረም፤ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ሳጥኑ ደግሞ ወጪ ነው፣ ለመደርደሪያም አይመችም። ቲዲኬ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጠንካራ መከላከያ ልባጭ ባይሠራ ኖሮ ብሉ ሬይ ዛሬ በምናውቀው መልክ ባልወጣ ነበር። እኔ በግሌ ከታሪኩ ሁሉ ይህን ክፍል ነው የምወደው፤ የብዙ ቢሊዮን ዶላር ውድድር በጭረት መከላከያ ቅባት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሶኒ ለእናት ሰሌዳው ሥራም አቋራጭ አግኝቷል። እንዲህ ያለ ጠባብ ትልም ለመቅረጽ በጣም ውድ የሆኑ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ ተብሎ ሲታሰብ፣ ሙቀት ሲነካው ጠባዩን የሚለውጥ ልባጭ ተጠቅሞ በተራው 405 ናኖ ሜትር ሌዘር መቅረጽ እንደሚቻል አሳየ። ብሉ ሬይ ውድ ነው የሚለው ክስ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ የሄደው እንዲህ ባሉ ነገሮች ነው።

መጀመሪያ ግን ችግሩ በግልጽ ታይቷል። በጁን 2006 የወጡት የመጀመሪያዎቹ የብሉ ሬይ ፊልሞች ባለ አንድ ንጣፍ፣ 25 ጊጋባይት ነበሩ፤ ባለ 50ው በብዛት ሊታተም ገና አልተቻለም ነበርና። በዚያ ላይ ኤምፔግ 2 የሚባለውን አሮጌ የማመቂያ ዘዴ ተጠቀሙ። ኤችዲ ዲቪዲዎቹ ደግሞ በ30 ጊጋባይት ላይ ቪሲ 1 የተባለውን አዲስ ዘዴ ይዘው መጡ። ስለዚህ ብዙ ይይዛል የተባለው ዲስክ ትንሽ ከሚይዘው ያነሰ ምስል አሳየ። «ዘ ፊፍዝ ኤለመንት» የተባለው ፊልም በብሉ ሬይ ሲወጣ በምስሉ ጥራት ስለተወቀሰ ሶኒ በ2007 እንደገና አዘጋጅቶ አውጥቶታል።

ሠላሳ ዶላሩ የት ገባ?

በእኔ አስተያየት ብዙው ሰው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ኤችዲ ዲቪዲ ለማምረት ርካሽ ነው» የሚለው አነጋገር እውነት ነበር። ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ ለገዢው ርካሽ ይሆናል» ማለት ግን አንድ ደረጃ መዝለል ነው። ያኔ የሁለቱም ዓይነት ፊልሞች መደርደሪያ ላይ የሚሸጡት በ30 ዶላር ገደማ ነበር። ሶኒ ለመጀመሪያዎቹ የብሉ ሬይ ፊልሞች ለነጋዴዎች የጠራው የጅምላ ዋጋ ለአዳዲሶቹ 23 ዶላር ከ45 ሳንቲም፣ ለቆዩት 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። ነጋዴው ትርፉን ጨመረበት። ፋብሪካው ውስጥ የጠፋው ፕላስቲክ፣ ብረትና መብራት በዚህ ውስጥ ትንሿ ድርሻ ነች። ከፊልሙ ባለቤት አንጻር ሲታይ አንዱ ዲስክ ከሌላው በሳንቲሞች፣ ቢበዛም በጥቂት ዶላሮች ቢበልጥ የመደርደሪያውን ዋጋ የሚወስነው ያ አይደለም።

ታዲያ ምን ይወስነዋል? አንዱ አንዴ ብቻ የሚወጣ ወጪ ነው፦ ፊልሙን በአዲስ ጥራት ማሰናዳት፣ ማመቅ፣ ማውጫና ተጨማሪ ዝግጅቶችን መሥራት፣ እናት ሰሌዳ ማስቀረጽ፣ ማስተዋወቅ። ለማስረዳት ያህል ቁጥሩን እኔ ልፍጠርና፣ ይህ ሁሉ 100,000 ዶላር ፈጀ እንበል። ፊልሙ በአንድ ሚሊዮን ቅጂ ከተሸጠ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ የሚያርፈው 10 ሳንቲም ነው። በ10,000 ቅጂ ከተሸጠ ግን 10 ዶላር ነው። በ2006 እና በ2007 ማጫወቻ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበረ ሁለቱም ወገኖች በሁለተኛው ሒሳብ ውስጥ ነበሩ። ገበያውን ለሁለት መክፈላቸው ራሱ ዲስኩን አስወድዶታል ማለት ነው፤ ይህንን በዜና ላይ እንደ ዋጋ ምክንያት አድርጎ ማቅረብ ግን ያን ያህል አልተለመደም።

ሌላው የፈጠራ ባለቤትነት ክፍያ ነው። በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ለቅጂ መከላከያው ኤኤሲኤስ ለሚባለው አካል 4 ሳንቲም ይከፈላል። በ2009 ሶኒ፣ ፓናሶኒክና ፊሊፕስ የብሉ ሬይ ፓተንቶችን በአንድ ላይ ለማከራየት ሲስማሙ ይፋ ያደረጉት ታሪፍ ለማጫወቻ 9 ዶላር ከ50፣ ለመቅጃ 14 ዶላር፣ ለታተመ የፊልም ዲስክ 11 ሳንቲም ነበር። ሳንቲም ናት ብላችሁ አትናቋት፤ በመቶ ሚሊዮን ስትባዛ ለየትኛው ዲስክ እንደሚሟገቱ ታስረዳለች። ጦርነቱ ለጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ በ2005 በተስማሙ ነበር።

አንዳንድ ስቱዲዮዎች በአንድ ወገን ኤችዲ ዲቪዲ፣ በሌላ ወገን ተራ ዲቪዲ የሆነ ጥምር ዲስክ አወጡ። ሐሳቡ «ዛሬ ዲቪዲ ማጫወቻ ብቻ ያለህ ነገ አዲሱን ስትገዛ ፊልምህ አብሮህ ይቆያል» የሚል ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ዋጋው እስከ 40 ዶላር ወጣ፣ ማጫወቻውን የገዛው ሰው ደግሞ የማያስፈልገውን የዲቪዲ ገጽ ዋጋ እንዲከፍል ተገደደ።

ማጫወቻው፦ ሁለቱም በኪሳራ

አሁን ወደ ሌዘሩ እንመለስ። የዲስኩ ዋጋ የማይታይ ጦርነት ከነበረ የማጫወቻው ግን አደባባይ የወጣ ነበር።

አይሰፕላይ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት በ2006 የቶሺባን የመጀመሪያ ማጫወቻ ፈታትቶ ዕቃዎቹን ቆጠረ። ውስጡ የተገኘው ነገር ማጫወቻ ሳይሆን የለበሰ ኮምፒውተር ነበር ማለት ይቻላል፤ ኢንቴል ፔንቲየም 4 እና አንድ ጊጋባይት ሜሞሪ አለበት። የዕቃዎቹ ግምት ብቻ 674 ዶላር ነበር። ቶሺባ ግን 499 ይሸጠው ነበር። በእያንዳንዱ ማጫወቻ ላይ ቢያንስ 175 ዶላር ከኪሱ እያወጣ ነበር ማለት ነው፤ ማጓጓዣው፣ ማስታወቂያውና የነጋዴው ድርሻ ሳይቆጠር።

ሶኒስ? ሶኒ የብሉ ሬይ ማንበቢያውን ፕሌይስቴሽን 3 በተባለው የጨዋታ ማሽኑ ውስጥ ከተተው። በኖቬምበር 2006 ሲወጣ ባለ 20 ጊጋባይቱ 499፣ ባለ 60ው 599 ዶላር ነበር። ያው ድርጅት ፈትቶ ሲገምት ባለ 20ው ወደ 806፣ ባለ 60ው ወደ 840 ዶላር የሚያወጣ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ የሰማያዊው ሌዘር እጥረት ምርቱን ስላጓተተው የአውሮፓ ሽያጭ ከኖቬምበር 2006 ወደ ማርች 2007 ተላለፈ። የሶኒ የጨዋታ ክፍል በማርች 2007 በተዘጋው የበጀት ዓመት 232.3 ቢሊዮን የን የሥራ ኪሳራ አስመዘገበ፤ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ማሽኑን ካስወጣው በታች መሸጡ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ነው ያሰብኩት። ቶሺባ በኤችዲ ዲቪዲ የደረሰበት ኪሳራ በጊዜው እንደተዘገበው ወደ 100 ቢሊዮን የን ነው። የሶኒ የጨዋታ ክፍል የአንድ ዓመት ኪሳራ ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ያሸነፈው ያነሰ የከሰረው አይደለም። ልዩነቱ ኪሳራው ተመልሶ የሚሞላበት ቀዳዳ መኖሩና አለመኖሩ ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን 3 የገዛ ሰው ጨዋታ ይገዛል፣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ሶኒ ድርሻ አለው። የራሱ የፊልም ስቱዲዮም አለው። ቶሺባ ግን ማጫወቻውን በ99 ዶላር ከሸጠ በኋላ ገዢው የሚገዛው ፊልም የዋርነር፣ የዩኒቨርሳል ወይም የፓራማውንት ነው። ከፓተንት ክፍያ በስተቀር ወደ ቶሺባ የሚመለስ ነገር ጥቂት ነው።

የርካሹ ዋጋ ሌላ ጉዳትም ነበረው፤ እንዲያውም ዋናው ይህ ይመስለኛል። በዲቪዲ ዘመን ማጫወቻን ያረከሱት ብዛት ያላቸው የቻይና አምራቾች ናቸው፤ ሠርተው ስለሚያተርፉ ነው የሠሩት። በኤችዲ ዲቪዲ ግን ዋናው አምራች ራሱ ከዋጋ በታች እየሸጠ ሳለ ሌላው ገብቶ በምን ያተርፋል? ከጥቂቶች በስተቀር የገባ አልነበረም። ዋጋው ሲወርድ ገበያው የሰፋ መሰለ፤ በውስጡ የነበረው ግን በዋነኛነት አንድ ኩባንያ ነው። በሌላው በኩል በ2007 መጨረሻ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ፕሌይስቴሽን 3 ማሽኖች ተሠራጭተው ነበር፤ ባለቤቶቻቸው ለፊልም ብለው ባይገዟቸውም ብሉ ሬይ ማጫወት ይችላሉ።

የመጨረሻዎቹ ወራት

ስቱዲዮዎቹም ነጻ ታዛቢዎች አልነበሩም። በኦገስት 2007 ፓራማውንትና ድሪምዎርክስ አኒሜሽን ፊልሞቻቸውን በኤችዲ ዲቪዲ ብቻ እንደሚያወጡ ሲያሳውቁ፣ ለዚህ ውሳኔ 150 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል ገንዘብና ማስተዋወቂያ እንደተሰጣቸው ተዘግቧል። ያም ቢሆን ከ99 ዶላሩ ጋር ተደምሮ አላዳነም። ጃንዋሪ 4 ቀን 2008 ለሁለቱም ወገን ያወጣ የነበረው ዋርነር ወደ ብሉ ሬይ ብቻ እንደሚዞር አስታወቀ። ቶሺባ በሳምንት ከምናምን ጊዜ ውስጥ ዋጋ እንደገና ቀነሰ። ግን ፊልም የማያገኝ ማጫወቻ በነጻ ቢሰጥስ ምን ይሠራል? በፌብሩዋሪ ኔትፍሊክስ፣ ቤስት ባይና በመጨረሻም ዎልማርት ራሱ፣ ያ የ99 ዶላሩ መደብር፣ ለብሉ ሬይ ወገኑ።

«ልዩነቱን ማን ከፈለው?» ለሚለው ቶሺባ አንዱ ነው፤ ሶኒም ከፍሏል። ሦስተኛው ግን በዜናው ውስጥ ስሙ ያልተነሳው ገዢ ነው። ለኤክስቦክስ የተሠራውን ተቀጥላ ጨምሮ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻዎች ሰው እጅ ገብተው ነበር። ቤስት ባይ ከእሱ ለገዙ ደንበኞች የ50 ዶላር የስጦታ ካርድ ሰጠ። 499 ከፍሎ ለገዛው ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያጽናና እንጃ። ሠላሳ ሠላሳ ዶላር የወጣባቸው ፊልሞችም ሌላ ማጫወቻ ላይ አይሠሩም።

ብሉ ሬይም ቢሆን ባሸነፈ ማግስት አልረከሰም። ተፎካካሪ የሌለው ሰው ምን ያስቸኩለዋል? ማጫወቻው በአሜሪካ ገበያ ከ100 ዶላር በታች በሰፊው የታየው በ2009 መጨረሻ ላይ ነው፤ ያም የሌዘሩ ምርት ስለበዛና ብዙ አምራቾች ስለገቡበት ነው። በዚያው ዓመት ቻይና ውስጥ በኤችዲ ዲቪዲ አሠራር ላይ የተመሠረተ ሲቢኤችዲ የተባለ የአገር ውስጥ ዲስክ ከብሉ ሬይ ባነሰ ዋጋ ወጥቶ ለጥቂት ጊዜ ገበያ አግኝቷል፤ ስለዚህ የቶሺባ ወገን «ለማተም ይቀላል» የሚለው ነገር ውሸት አልነበረም ማለት ነው። ቶሺባ ራሱም በ2009 የብሉ ሬይን ማኅበር ተቀላቅሎ በ250 ዶላር ገደማ የብሉ ሬይ ማጫወቻ ለገበያ አቀረበ።

ሁለቱ ሲተናነቁ ግን ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። ኔትፍሊክስ ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው በጃንዋሪ 2007 ነው፤ የ99 ዶላሩ ማጫወቻ ከመምጣቱ አሥር ወር በፊት። ያው ኩባንያ በሴፕቴምበር 2023 ዲስክ በፖስታ መላኩን አቁሟል። ሶኒ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2025 ባዶ የብሉ ሬይ መቅጃ ዲስኮችን ማምረት አቆመ። የታተሙ ፊልሞች ዛሬም ይወጣሉ፤ ከ2016 ጀምሮ ባለ ሦስት ንጣፍ፣ እስከ 100 ጊጋባይት የሚይዘው የ4ኬ ዲስክ አለ። ዋጋውም ልክ እንደ 2006ቱ ወደ 30 ዶላር ገደማና ከዚያ በላይ ነው። ፕላስቲኩ ስለተወደደ አይደለም፤ የሚታተመው ቅጂ ቁጥር ተመልሶ ስላነሰ ነው።